ማማሰያ የሌለው ማሽን

እናቴ የእጇን አንጓ የሰበረችው ላውንደሪ ቤት በር ላይ ነው፤ በረዶ አንሸራትቷት። የታጠበ አንሶላ የሞላ ቅርጫት ታቅፋ ነበር። ቅርጫቱን ላለመልቀቅ ስትል በእጇ ላይ ወደቀች፤ አንሶላው አልቆሸሸም። ደውላም መጀመሪያ የነገረችኝ ይህንኑ ነው፤ አንሶላው እንዳልቆሸሸ።

በዚያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ ከሠላሳ በላይ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበር።

አባቴ ቨርሊን አሮጌ ማሽን ይሰበስባል። ከላይ የሚከፈቱትን ብቻ ነው፤ ከፊት የሚከፈት ማሽን ስም ሲነሳ ሎሚ እንደነከሰ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ከየእርሻው ጎተራና ከየሟች ቤት ጨረታ እየለቀመ ያመጣቸዋል። ዝገቱን ይፍቃል፣ ኩሽኔታውን ይለውጣል፣ ቺንጋውን ያጠብቃል፣ ቀለሙን ጥንት እንደነበረው አድርጎ ይቀባል። ጋራዡ ሞልቶ ምድር ቤቱ ሞላ፤ ምድር ቤቱ ሲሞላ የእኔ መኝታ ክፍል ተከተለ።

በእኛ ከተማ፣ በፕሬንቲስ፣ ይህ እንደ እብደት አይቆጠርም። አዮዋ ውስጥ ፕሬንቲስ ማለት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፋብሪካው ማለት ነበር። አባቴ ሞተር ክፍል፣ እናቴ ማሸጊያ ክፍል ሠርተውበታል። ከዚያ ፋብሪካው ተሸጠ፣ ቀጥሎ ተዘጋ። አንዳንዱ ጠጪ ሆነ፣ አንዳንዱ ቤቱን ጥሎ ሄደ፣ አባቴ ማሽን ሰበሰበ። ቤተ ክርስቲያን የሚያገኟት ሴቶች እናቴን "ዕድለኛ ነሽ፣ ያንቺው ቢያንስ ማታ ቤቱ ነው" ይሏታል። እሷም "አዎ፣ ቤቱ ነው" ትላለች።

የእናቴ የራሷ ማሽን ከኩሽና ጀርባ፣ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ነበር። ነጭ፣ ተራ ማሽን ነው፤ እኔን ከሽንት ጨርቄ ጀምሮ ያጠበ። ከሁለት ክረምት በፊት አባቴ ማማሰያውን ነቀለው። ማማሰያ የምለው ከበርሜሉ መሃል የሚቆመውን ክንፋም ምሰሶ ነው። ልብሱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ የሚያጥበው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ማሽኑ ውሃ የሚይዝ ቆርቆሮ ብቻ ይሆናል። አባቴ የነቀለው ከጨረታ ላመጣው አንድ የከበረ ማሽን ልክ ስለሆነለት ነበር። "በሳምንቱ ሌላ አመጣልሻለሁ" አላት። በርሜሉ ውስጥ ባዶ ዘንግ ቆሞ ቀረ። እናቴ የቆሸሸውን ልብስ በዘንጉ ዙሪያ ትከምራለች፤ ሲሞላ አውጥታ፣ በቅርጫት ተሸክማ፣ ላውንደሪ ወስዳ በሳንቲም በሚሠራ ማሽን ታጥባለች።

አዲስ ማሽን ገዝቼላት ነበር። አባቴ የጭነት መኪናውን ከበር መለሰው። "ክዳኑን ቆልፎ ውስጡን የማያሳይ ማሽን እኔ ቤት አይገባም" ብሎ።

ስለዚህ ዓርብ ከሥራ ወጥቼ ከምኖርበት ከተማ ከደ ሞይን ስነዳ ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ እሑድ ከመመለሴ በፊት የእናቴ ማሽን ማጠብ አለበት።

እናቴን እጇ በጄሶ ታስሮ፣ በሌላው እጇ ባቄላ እየለቀመች አገኘኋት። በማግሥቱ እንደ አባቴ ያሉ አሮጌ ማሽን ሰብሳቢዎች ማኅበር እኛ ቤት ነበር የሚሰበሰበው፤ ለእነሱ ነው የምትሠራው።

"እማዬ፣ ለምን አትነግሪውም?"

"ነግሬዋለሁ።"

"መቼ?"

"ሲነቅለው።"

"ከዚያ ወዲህስ?"

"ከዚያ ወዲህማ ያውቀዋል፤ ደግሞ ምን እነግረዋለሁ? ሽንኩርቱን ክተፊልኝ፣ በአንድ እጅ እየሸሸ አስቸገረኝ።"

ሽንኩርቱን ከትፌ ወደ ጋራዥ ሄድኩ። አባቴ ከአንዱ ማሽን በላይ አጎንብሶ ነበር፤ ክዳኑ ተከፍቷል፣ ውሃው ይጨፍራል። ውስጡ አዳዲስ ሰማያዊ ፎጣዎች ይገለባበጣሉ። የአንደኛው ጠርዝ ላይ የመደብሩ ወረቀት አልተነሳም።

"አባዬ፣ ንጹሕ ፎጣ ነው የምታጥበው?"

"ለነገ ማሳያ ልምምድ ነው። የቆሸሸ ልብስ ውሃውን ያደፈርሰዋል፤ ማማሰያው አይታይም። እይ እስቲ እንዴት እንደሚያዞረው! እንደዚህ የሚያዞር ዛሬ አለ?"

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ፤ እዚህ ደግሞ በኤሌክትሪክ ይወቀጣል።

"የእማዬ ማማሰያስ?"

"እየፈለግኩላት ነው።" ዓይኑን ከውሃው አላነሳም። "ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ እንደ ድሮው ቀላል መሰለሽ?"

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሰዎቹ መጡ፤ ሁሉም ወንዶች፣ አብዛኞቹ ጡረተኞች፣ ጫማቸውን በር ላይ አራግፈው የሚገቡ ጨዋዎች። የባቄላ ወጡን በቀረፋ ዳቦ እየበሉ "አርዲት፣ እጅሽ ይባረክ" አሏት እናቴን። ከዚያ አባቴ አንዱን ማሽን ከጋራዥ አውጥቶ ኩሽናው መሃል ከቧንቧው ጋር አገናኘው፤ ሰማያዊዎቹን ፎጣዎች ከተተና ክዳኑን ክፍት ትቶ አስነሳው። ሰዎቹ ሳህናቸውን እንደያዙ ዙሪያውን ቆመው ወደ ውስጥ አጎነበሱ። አስከሬን የሚሰናበቱ ይመስላሉ። "ተመልከቱ፣ ተመልከቱ፣ ዋጠው!" ይላል አንዱ፣ ፎጣ ሲሰጥም። "አሁን ይተፋዋል" ይላል ሌላው። ይተፋዋል። ይደሰታሉ።

ከሁሉም ድምፁ የሚጎላው ዴልማር ነበር፤ ከነብራስካ የመጣ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሳቂታ ሰው። ሁለተኛ ሳህን ሊያስሞላ ሲመጣ የእናቴን ጄሶ አየ።

"አንቺ አርዲት! ቨርሊንን መታሽው እንዴ?"

"እሱን መትቼ ቢሆን እጄ ባልቆጨኝ" አለች። ሳቁ።

"እውነት ምን ሆነሽ ነው?"

"ላውንደሪ በር ላይ በረዶ ጣለኝ።"

ኩሽናው በሳቅ ፈረሰ። "ላውንደሪ! ሰማችኋት? የቨርሊን ሚስት ላውንደሪ!" ዴልማር እንባውን ጠረገ። "የዳቦ ጋጋሪ ሚስት ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ወደቀች እንደ ማለት እኮ ነው!"

እናቴም አብራቸው ሳቀች። አባቴ ፈገግ ብሎ ፎጣዎቹን ይመለከት ጀመር።

"ቀልድ አይደለም" አልኩ። "ማሽኗ ማማሰያ የለውም። ሁለት ክረምት ሙሉ ላውንደሪ ነው የምትሄደው።"

ዴልማር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ክፉ ሰው አይደለም። ሳህኑን አስቀምጦ "የታል ማሽኑ?" አለ። መራሁት። ክዳኑን አንስቶ በእናቴ ቆሻሻ ልብስ መሃል የቆመውን ባዶ ዘንግ አየ፤ በአውራ ጣቱ ጫፉን ዳሰሰው።

"ይሄማ የደቂቃ ሥራ ነው! ቨርሊን፣ ጋራዥህ መደርደሪያ ላይ ያሉት የዚህ ልክ አይደሉም እንዴ?"

"የትኞቹ?" አልኩ።

"ካርቶን ውስጥ ያሉት ናቸዋ። ስድስት ሰባት አሉት እኮ። እኔም አንዱን ልወስድ ነው፤ በአንድ የማሽን መቆጣጠሪያ ሰዓት ልንለዋወጥ።"

ሁላችንም ወደ አባቴ ዞርን። ጆሮው ቀልቷል።

"እነሱ ያልተከፈቱ ናቸው" አለ።

"አሃ" አለ ዴልማር። "ያልተከፈቱ።"

ቆሽቴ ያረረው ያን ጊዜ ነው። አሁን ለእናቴ ሲከራከር የነበረው ሰው አቀርቅሮ ራሱን ነቀነቀ፤ ሌሎቹም ተከትለው ነቀነቁ። "ያልተከፈቱ" የምትለዋ ቃል ጉዳዩን ዘጋችው። ፋብሪካው እንዳሸጋቸው ያሉ፣ ከዚያ ወዲህ የሰው እጅ ያልገባባቸው ናቸውና፣ የተሰበረ እጅ ከነሱ ጋር አይወዳደርም።

ጋራዥ ገብቼ ከላይኛው መደርደሪያ አንዱን ካርቶን አወረድኩ። ቀላል ነበር። ወደ ኩሽና አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቀረፋ ዳቦው ጎን፣ አስቀመጥኩትና የሽንኩርቱን ቢላ አነሳሁ።

"ኮሪን፣ አስቀምጪው" አለ አባቴ።

"እማዬ እጇ ተሰብሯል።"

"ሌላ አመጣላታለሁ አልኩሽ እኮ።"

"መቼ?"

"ልጄ፣ እባክሽን።" ድምፁ ወረደ። "እሱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚከፈተው። ፋብሪካው እንዳለ የቀረው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሌላውንማ ሁሉንም ከፍተው ጨርሰውታል።"

ይህን ሲል እንዳዘንኩለት መጻፍ ይገባኝ ይሆናል። አላዘንኩለትም። እናቴም በዚያ ፋብሪካ ሠርታለች፤ እሷን ግን ካርቶን ውስጥ ያስቀመጣት የለም። የካርቶኑን ማሸጊያ ፕላስተር ቀደድኩት። ደረቅ ወረቀት ስለነበር ጮኸ። ከኋላዬ አንዱ "አይ፣ አይ" ሲል ሰማሁት፣ በሹክሹክታ።

ማማሰያው ጥቁርና አንጸባራቂ ነበር፤ በቡናማ ወረቀት ተጠቅልሏል። ከላዩ ያሸገችው ሠራተኛ ቁጥር የተመታበት ብጣሽ ወረቀት ወደቀ።

"እማዬ፣ ቁጥሩ ያንቺ ነው?"

እናቴ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ገፋ አድርጋ አየችው።

"አይ፣ የላቮን ነው። ፕላስተሩ እንደተጣመመ አላየሽም? ላቮን ነፍሷን ይማርና አንድም ቀን ቀጥ አድርጋ ለጥፋ አታውቅም።"

ዴልማር ሳቅ አመለጠው፣ ከዚያ አፈረ። አባቴ ማሽኑን አጥፍቶ "ኑ፣ ሐምራዊዋን ማሽን ገና አላሳየኋችሁም" አላቸውና ይዟቸው ወደ ጋራዥ ሄደ። ሰማያዊዎቹ ፎጣዎች ውሃ ውስጥ ቀሩ።

ማማሰያውን ዘንጉ ላይ አስገብቼ ተጫንኩት፤ ቀጭ አለ። የላዩን ቆብ አጠበቅኩ። የደቂቃ ሥራ ነው ያለው ዴልማር አልዋሸም። የእናቴን የሌሊት ልብስና የትራስ ጨርቆች ጨመርኩ፣ ሳሙና አደረግኩ፣ ክዳኑን ክፍት ተውኩት። ማሽኑ አጉረመረመና ግራና ቀኝ ማለት ጀመረ። ውሃው ወዲያው ደፈረሰ።

"እዪ" አልኳት።

እናቴ የምታየው የጋራዡን በር ነበር። "አልበላም" አለች።

"ማን?"

"አባትሽ። ሳህኑን አላነሳም።"

"እማዬ፣ ማሽኑን እዪ።"

"አየሁት፣ የኔ ልጅ። ያጥባል። ድሮም ያጥብ ነበር።"

እሑድ ያገኘሁትን ሁሉ አጠብኩ፤ መጋረጃ ሳይቀር አወረድኩ። ስሄድ አባቴ ከጋራዥ አልወጣም። በበሩ ቀዳዳ "መንገዱ በረዶ ነው፣ ቀስ ብለሽ ንጂ" አለኝ። መኪናዬ ውስጥ ያሸነፈ ሰው ደስታ ነበረኝ። እስከ ደ ሞይን ድረስ ሬዲዮ ከፍቼ ዘፈንኩ።

ከዚያ ሥራ በዛብኝ። በየሳምንቱ ስንደዋወል የምናወራው ስለ እጇ ነው። ስለ ማሽኑ አልጠየቅኳትም፤ ያለቀ ጉዳይ ነው ብዬ። ጄሶውን የፈቱላት ቀን ግን በል በል አለኝና ጠየቅኳት።

"ማሽኑስ? ደህና ነው?"

"የቱ?"

"እማዬ!"

"መልሼዋለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ማማሰያውን። ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት።"

"እሱ ነው ያስነቀለሽ? እውነቱን ንገሪኝ።"

"ምንም አላለኝም። እሱ እኮ ነው ችግሩ፤ ምንም አይልም። አንቺ ከሄድሽ ወዲያ ጋራዥ መግባት ተወ። የጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ ይውላል። ሾርባ ሳቀርብለት ይቀዘቅዛል፣ ሳሞቀው ይቀዘቅዛል። እኔ ይህን ልየው? ልብስ ለማጠብ ብዬ?"

"እና ነቀልሽው።"

"ነቀልኩት፣ አጠብኩት፣ በደንብ አደረቅኩት። ወረቀቱን አንቺ አልቀደድሽውም፣ ጎበዝ፤ በእጥፋቱ መልሼ ጠቀለልኩት። የፋብሪካው የወረቀት ፕላስተር፣ ያ በውሃ ረጠብ ተደርጎ የሚለጠፈው፣ አንድ ጥቅል ምድር ቤት ነበረኝ። የተቀደደውን ልጬ በአዲስ ለጠፍኩት።"

"በአንድ እጅ?"

"በአንድ እጅና በጉልበቴ።" ድምፅዋ ውስጥ የማላውቀው ነገር ነበር፤ ቆይቶ ነው ኩራት መሆኑ የገባኝ። "እንዴት ቀጥ ብሎ እንደተለጠፈ ብታዪ! ተከፍቶ ነበር ብትዪ ማንም አያምንሽም።"

"ዴልማር እኮ ስከፍተው ቆሞ አይቷል። ሁሉም አይተዋል። አሁን ማን ይለውጠዋል?"

"ማንም አይለውጠውም። ዴልማርም ሌላውን ነው የወሰደው።"

"ታዲያ ለልብስ ካልሆነ፣ ለመለዋወጥም ካልሆነ፣ ለምንድን ነው የሚቀመጠው?"

"መደርደሪያው ላይ ነዋ። ሌሊት ማንም ሳያየው አስቀመጥኩለት። ጠዋት ገብቶ አየው መሰለኝ፣ ተመልሶ እንቁላል ጥበሺልኝ አለኝ። ሁለት በላ።"

በስልኩ ውስጥ ከሩቅ ውሃ ሲጨፍር ይሰማኝ ነበር፤ ከጋራዥ በኩል፣ ግራና ቀኝ፣ ግራና ቀኝ። ፎጣዎቹ መሆናቸውን ማወቅ አያስቸግርም።

"ልብሱስ?" አልኳት።

"ሐሙስ ሐሙስ እሄዳለሁ" አለች እናቴ። "በረዶውም እኮ ቀልጧል።"