ሰባተኛዋ ተወዛዋዥ

1.

«አቁሙ! ወደ ኋላ እኮ ነው የሚሄዱት!»

2.

ድንጋይ በሚደረድሩት ሠራተኞች ላይ የጮኹት እማማ ኬሶር ናቸው። ቦታው ካምቦዲያ፣ የጥንት ክመሮች ያነጹት መቅደስ ነው። በሰባ ስምንት ዓመታቸው ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ምላሳቸው ግን እንዳለ ነው። ለአማልክቱ የሚቀርበውን የመቅደሱን ውዝዋዜ አብረዋቸው የተማሩትን ሁሉ ጦርነቱ ጨረሳቸው። የቀሩት እሳቸውና ድንጋዩ ብቻ ናቸው። ድንጋዩ ከተሳሳተ ነገ ማን ያምናቸዋል?

3. ዝርዝር

የፈረሰ የውዝዋዜ አዳራሽ፦ አንድ።
በግድግዳው የነበሩ የድንጋይ ተወዛዋዦች፦ ስምንት።
የተገኙ፦ ሰባት።
ግድግዳው በኖራ የሚታሰረው፦ ዛሬ።

4. እንደተነጋገሩት

ኢንጂነር ቪረክ፦ እማማ፣ ከአንድ የድሮ መጽሐፍ ሥዕል ጋር አስተያይቼ ነው የደረደርኳቸው። ከግራ ወደ ቀኝ።
ኬሶር፦ መጽሐፍ ነው እንደዚያ የሚነበበው፣ ልጄ። መቅደስ ስትዞር ግድግዳው በየት በኩልህ ይሆናል?
ቪረክ፦ በቀኜ።
ኬሶር፦ እህ!

5.

አንባቢ ሆይ፣ አትስነፍ፤ ተነስ። ግድግዳ በቀኝህ አድርገህ ጥቂት ተራመድ። አሁን ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙር። ከየት በኩል መጣህ?

ከቀኝ።

6.

ቪረክ ግን ደረቅ ነው፤ «ማስረጃ?» አለ።

እማማ ኬሶር ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ። ከቀኝ ጀምረው፣ ጣታቸውን ወደ ኋላ ቆልምመው፣ በዚያ በታመመ ጉልበት ግድግዳውን ይዘው ተወዛወዙ። ሠራተኞቹም ድንጋዮቹን በሰንሰለት እያነሱ እሳቸው ባሳዩት የእጅ አቀማመጥ ተራ አስቀመጧቸው። ከተወዛዋዦቹ ራስ በላይ የተቀረጸው የአበባ ሐረግ፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ የትም አልገጠመም ነበር*። አሁን ጫፍ ለጫፍ

ገጠመ።

* በኢንጂነሩ ማስታወሻ፦ «ሐረጉን ዝናብ በልቶታል።» ምስኪን ዝናብ፣ በስንቱ ይታማል!

8.

(አልተሳሳትኩም። እንዲህ ነው የምቆጥረው።)

ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። ቪረክ መዳፎቹን አጋጥሞ እስከ ግንባሩ አንስቶ እጅ ነሳቸው።

«ይቅር ይበሉኝ፣ መምህርት።» «እማማ» ማለቱን ተወው።

እሳቸውም እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ። ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ ድንጋዩ መሰከረላቸው!

በስድስተኛዋና በስምንተኛዋ መካከል ግን ክፍተት አለ፤ ሰማይ ያሳያል።

«የሰባተኛዋ እጅስ እንዴት ነበር?» አለ ቪረክ።

እማማ ኬሶር ሄደው ክፍተቱ ፊት ቆሙ። ሁለት እጃቸውን አነሱ።

«እዩኝ!»

7.



(የሰባተኛዋ ቦታ ክፍት ነው። ግድግዳውን በቀኝህ አድርገህ ና።)