የሁለተኛው ክፍል ቃሪያዎች

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ በሁለቱ የችግኝ ማብቀያ ክፍሎች መካከል ባለው ኮሪደር ላይ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት።

«ዶክተር፣ ያ ዘርሽ አለቀለት! አንደኛው ክፍል ገብተሽ እዪው፤ ቅጠሉ ሁሉ ሲጋራ የተተረኮሰበት ነው የሚመስለው። የሁለተኛው ክፍል ግን ምን የመሰለ አረንጓዴ መሰለሽ! የአንደኛውን ዘር ከነከረጢቱ አቃጥለን የሁለተኛውን ለገበሬዎቹ እንልካለን።»

ተመራማሪዋ የጋዋኗን ቁልፍ እየቆለፈች አዳመጠችው። የቃሪያን ማሳ ከሚያወድም ቫይረስ ጋር ትግል ከገጠመች ሦስት ዓመቷ ነው። የድካሟ ፍሬ ከሁለት ማሳ የተለቀሙ ሁለት ከረጢት ዘሮች ናቸው። ከሁለቱም የበቀሉትን ችግኞች ለየብቻ በየክፍሉ አስደርድራ፣ ሐሙስ ዕለት ቫይረስ በነካ ጥጥ ቅጠላቸውን አሽታ ነበር።

አንደኛው ክፍል ገባች፤ ሥራ አስኪያጁም ተከተላት። በየቅጠሉ ላይ የክብሪት ራስ የሚያክሉ ቡናማ ነቁጦች ወጥተዋል። ጠርዛቸው በእስክሪብቶ የተከበበ ያህል ጥርት ያለ ነው። ከነቁጡ ውጭ ያለው ቅጠል ግን ምንም አልሆነም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«እነዚህ ድነዋል እኮ!» አለች። «ይሄ ቃሪያ ውስጥ አንድ ጂን አለ። ቫይረሱ የገባበትን ህዋስ ሲደርስበት ‹ሙት› ብሎ ያዘዋል። ህዋሱ በዙሪያው ካሉት ጋር ይሞታል፣ ቫይረሱም እዚያው ታጥሮ ይቀራል። ነቁጡ እሱ ነው።»

«እሺ፣ የዚያኛው ክፍል ለምን ነቁጥ አላወጣም?»

ጥያቄው ያዛት። የሁለተኛው ክፍል ችግኞችም ያው ጂን አላቸው፤ አንድ በአንድ የመረመረቻቸው ራሷ ናት። ነቁጥ ማውጣት ነበረባቸው። የሁለተኛውን ክፍል በር ስትከፍት የችግኞቹ ተንከባካቢ ሽማግሌ ግንባራቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ አገኘቻቸው። እጃቸውን ዘርግተው የክፍሉን ሙቀት ሳይሳሳቱ ስለሚናገሩ ሁሉም «ጋሼ ቴርሞሜትር» ነው የሚላቸው።

«ልጄ፣ ከፈቃድ ዛሬ ብመለስ ይሄ ክፍል እሳት ሆኖ ጠበቀኝ» አሏት። «ግድግዳው ላይ ያለው ሃያ ሁለት ይላል። ይዋሽ! ሠላሳ ሁለትን አልፏል።»

ከላቦራቶሪ ሌላ መለኪያ አመጣች። ሠላሳ ሦስት። የማቀዝቀዣውን መዝገብ ብታይ ማራገቢያው ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ቆሟል።

«ገባኝ» አለች፣ ፊቷ በርቶ። «ጂኑ ሙቀት ሲበዛበት ያንቀላፋል። የሚያስቆመው ስላጣ ቫይረሱ ከቅጠል እስከ ሥር እንደ ልቡ ተንሸራሽሯል። አረንጓዴ ሆነው የቆዩት ‹ሙት› የሚል ትእዛዝ ስላልደረሳቸው ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥሩ ንግግር ነው። ማስረጃውስ?»

«ማቀዝቀዣውን ያስጠግኑልኝ። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ጂኑ ይነቃል፤ ቫይረሱን ደግሞ በየህዋሱ ያገኘዋል። ያን ጊዜ ‹ሙት› ብሎ የማያዘው ህዋስ የለም። ነገ እኩለ ቀን ላይ እዚህ ክፍል ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ችግኝ ካገኙ፣ ሁለቱንም ከረጢት በገዛ እጄ አቃጥላለሁ።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም!»

ጋሼ ቴርሞሜትር ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ አንዱን ብትዪውስ?»

ማራገቢያው ከሰዓት በኋላ ተጠገነ። ተመራማሪዋ ቤቷ ገብታ ራቷን በላች፤ እንቅልፏንም እስክትጠግብ ተኛች። ማክሰኞ ጠዋት ግን ከሁሉም ቀድማ የክፍሉን በር ከፈተች። ቅጠሎቹ ጠርዝ ጠርዛቸው ውኃ የነካው ወረቀት መስሏል። ረፋዱ ላይ ግንዶቹ መልፈስፈስ ጀመሩ። እኩለ ቀን ሲሆን ያ ሁሉ አረንጓዴ እንደ ታጠበ ጨርቅ በየችግኝ ማሰሮው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ አንዱን ግንድ ቢነካው እጁ ላይ ቀረ። ከዚያ ድንገት ራሱን ያዘ።

«ወይ ጉድ! ትናንት ጠዋት ከእነዚህ ጋር ፎቶ ተነሥቼ ለቦርዱ ልኬ ነበር!»

ጋሼ ቴርሞሜትር ሳቃቸውን ቢውጡት እንኳ ትከሻቸው አሳበቀባቸው።

«ከነቁጣሞቹ ጋር ይነሡና ሌላ ይላኩላቸዋ» አለች ተመራማሪዋ። «ሁለቱም ዘር ያው ነው፤ ምንም አልጎደለውም። ግን ቀዝቀዝ ላለ አካባቢ ብቻ ነው የሚሄደው። ከረጢቱ ላይ በትልቁ እጽፍበታለሁ።»

«የሞቃታማው አካባቢ ሰውስ? እሱ ዝም ብሎ ማሳው ሲያልቅ ይይ?»

እስከ ዛሬ ከእሱ አፍ ከሰማቻቸው ጥያቄዎች ሁሉ የወደደችው ይሄንን ነው። መሳቢያዋን ስባ አርባ የዱር ቃሪያ ዘር ያለበት ፖስታ አወጣች። «በሙቀት የማያንቀላፋ ጂን ካለ ከእነዚህ ውስጥ ነው የማገኘው። ሁለተኛውን ክፍል ባዶ ያድርጉልኝ፤ አሁን እኔው ራሴ ወደ ሠላሳ ሦስት ላድርሰው።»

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን ሸሚዙ ውስጥ ወሸቀና የመጀመሪያውን ጋሪ በሞቱ ችግኞች ሞልቶ ወደ ማቃጠያው ገፋ።