ባለ አራት ችካሉ ሳንቃ

አናጢው ከነጋ ጀምሮ አልተቀመጠም። ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ይመላለሳል። መሃል ላይ ቆም ይልና አንድ ነገር ያነሣል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። መዶሻውን አንሥቶ አስቀመጠ። የሻይ ብርጭቆውን አንሥቶ አስቀመጠ፤ ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ሚስቱ መስኮቱ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጣ ነጭ የጥጥ ገመድ በግራ እጇ ጣቶች ላይ ትጠመጥማለች፣ ታያለች፣ ትፈታለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ተቀመጥ እንጂ። ጥላህ እላዬ ላይ ሲመላለስ አዞረኝ።»

«ተቀምጬስ ምን ልሁን?»

«ምንም አትሁን። ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

ዝም ማለት ለእሱ ከመቀመጥም ይብስበታል።

ነገሩ የመጣው በሚስቱ ታላቅ ወንድም በኩል ነው። ሰውዬው መጋረጃ ነጋዴ ነው፤ እሱ በሌለበት አናጢው «መጋረጃው» እያለ ነው የሚጠራው። መጋረጃው የአንድ አዲስ ሆቴል ሥራ አግኝቷል። እያንዳንዱ መጋረጃ ተሰብስቦ የሚያዘው በገመድ ሲሆን፣ የገመዱ ጫፍ ላይ ደግሞ እንደ ተጨበጠ እጅ የጠበቀ ክብ ቋጠሮ ይንጠለጠላል። ቋጠሮው ከውስጡ ትንሽ የእንጨት ኳስ አለች፤ ገመዱ መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥሎ ወገቡን ዙሪያውን፣ በመጨረሻ በውስጥ በኩል እየሾለከ ይጠመጠምባታል። ከዘመዱ ሁሉ ይህን የሚችል የአናጢው ሚስት ብቻ ናት።

ትላንት መጋረጃው መጥቶ የሠራቻቸውን ናሙናዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። አንዱ እንቁላል፣ አንዱ ሽንኩርት፣ አንዱ ምኑም የማይታወቅ።

«እኅቴ፣ እጅሽ ወርቅ ነው» አለ፣ «ግን ሁለት እንኳ የሚመሳሰሉ የሉም። ሆቴል እኮ ነው! እንግዳው አልጋ ላይ ጋደም ሲል ሌላ ምን የሚያየው አለው? ነገ ከሰዓት እመለሳለሁ። ተስተካክሎ ካገኘሁት ገመዱን እዚህ አመጣልሻለሁ፣ እቤትሽ ቁጭ ብለሽ ትሠሪያለሽ። ካልሆነ ግን ልብስሽን ሸክፊና እኔ ጋ ነይ። ሱቁ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ትሠሪያለሽ፣ ሳምንቱን እኛ ቤት ታድሪያለሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጫለሽ።» ከዚያ ወደ አናጢው ዞር አለ። «አማቼም እስከዚያው ትንሽ ያርፋል።»

ያርፋል! ይህቺ ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቀረች። ከምን ነው የሚያርፈው? ቁም ሣጥኑም አልጋውም በካርቶን ታሽጎ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ሰው አናጢ ደጅ መምጣት ትቷል። በሩን የሚያንኳኳው ወይ ተሳስቶ ነው፣ ወይ እግሩ የተወላገደ ወንበር ይዞ ነው። ቤቱ ውስጥ የቀረችለት እሷ ናት። እሷም በአውቶቡስ ተጭና ከሄደች፣ እሱ ሰኞን ከማን ጋር አውርቶ ሊያመሸው ነው? ከመጋዙ ጋር?

በዚያ ላይ ከሰው ሁሉ መርጣ ወደ መጋረጃው ልትሄድ! ሰውዬው ሱቁን የከፈተ ጊዜ ለእንግዳ መቀመጫ የሚሆን አግዳሚ ወንበር የሠራለት አናጢው ነበር። ሙጫው ገና እርጥብ ነው፣ «ትንሽ ይቆይ» ብሎ ለምኗል። መጋረጃው ግን «ሰው ቆሞ አንተ ሙጫ ትጠብቃለህ?» ብሎ ራሱ እየጎተተ አወጣው። አንድ ወፍራም እንግዳ ቁጭ ከማለቱ ወንበሩ በርከክ አለ፤ ሰውዬው ከነሳህኑ ወለሉ ላይ ተነጠፈ። የሳቁ ብዛት! ያኔ መጋረጃው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ «አትፍረዱበት፣ እጁ ልል ነው» አለ። ስለ ሙጫው የጠየቀ አልነበረም። ማን ይጠይቃል? ባለ ሱቁ ከተናገረ ተናገረ ነው፤ የአናጢ ቃል መጥረጊያ ሥር እንደ ወደቀ ቡጭቅጫቂ ተጠርጎ ይወጣል። ከዚያን ቀን ወዲህ አናጢው የሚሠራውን ሁሉ በሙጫ ላይ ሙጫ፣ በምስማር ላይ ምስማር ያደርግበታል። እቤቱ ያለው ዱካ በመጥረቢያም አይፈርስም።

ከመስኮቱ ሲመለስ ዓይኑ የሚስቱ ግራ እጅ ላይ አረፈ። ጣቶቿን ገትራ ነው ገመዱን የምትጠመጥምባቸው። ሲደክማት ጣቶቹ ይጠጋጋሉ፣ ስታስበው መልሰው ይገተራሉ።

«አገኘሁት!» አለ። «ገመዱ ምንም አላደረገ። ጣትሽ ነው!»

«ጣቴ ምን ሆነ ደግሞ?»

«ይሰፋል፣ ይጠባል። እንጨት ቢሆን አንዴ ከቆመ ቆመ ነው። እስቲ እጅሽን ዘርጊልኝ።»

በጣቶቿ መሃል ያለውን ስፋት በክር ለካና ክሩን ጥርሱ መሃል ይዞ ወጣ።

የራሱ መሰርሰሪያ ከተቃጠለ ሰንብቷል፤ ስለዚህ መንገዱን ተሻግሮ ጎረቤቱ ብረት በያጅ ጋ ሄደ። በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የመስኮት ፍርግርግ ይሞርዳል።

«መሰርሰሪያህን ላንድ አፍታ።»

«ምን ልትሠራ?»

«ሳንቃ ላይ አራት ችካል ልተክል።»

«ዶሮ ልታስርበት?»

«ቋጠሮ ልሠራበት።»

«ቋጠሮ በእጅ ሲታሰር፣ ሲብስም በጥርስ ሲፈታ አውቃለሁ። በሳንቃ ግን ገና አልሰማሁም።»

«ትሰጠኛለህ ወይስ ታላግጥብኛለህ?»

«ሁለቱንም፣ ምን ችግር አለ! ባለቤትህ ደህና ናት?»

«እንዴት? ምን ሰማህ?»

«ደህና ናት ወይ ነው ያልኩህ፣ ሰውዬ! አንተን ሰላም ለማለትም ጠበቃ መያዝ ሊኖርብን ነው?»

አናጢው መሰርሰሪያውን መንጭቆ ተሻገረ።

የእጅ መዳፍ የምታህል ወፍራም ሳንቃ ቆረጠ። በክሩ ልክ አራት ማዕዘን አሰመረና ማዕዘኖቹን በሳ። ከመጥረጊያ እጀታ አራት ችካል አወጣ፤ ገመዱን እንዳይዙት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያንሸራትቱ ድረስ ፈተጋቸው። እዚህ ላይ ቢበቃው መልካም ነበር። እሱ ግን ገመዱ ሽቅብ ሾልኮ እንዳይወጣ ብሎ አናታቸውን እንዳለ ትቶ አንገታቸውን በቢላዋ አቀጠነ፤ ችካሎቹ እንጉዳይ መሰሉ። ከዚያ ቀዳዳዎቹን ሙጫ ሞላና በመዶሻ ቀረቀራቸው። ፀሐይ ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ቆመ። ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ፣ መንገዱን እያየ፣ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በዓይኑ እያባረረ ጠበቀ። ዛሬ ሙጫውን የሚያጣድፍበት ሰው የለም።

ሲደርቅ ሁለት ችካሎች ጨብጦ ሳንቃውን ነቀነቀው። ዓለት ነው።

«እንኪ» አላት። «አሁን ወንድምሽ ይምጣ!»

ሚስቱ ሳንቃውን ጭኗ ላይ አድርጋ ጀመረች። ገመዱን በችካሎቹ መሃል አወጣች አወረደች፣ ዙሪያውን አዞረች፣ ኳሷን መሃል ከትታ በውስጥ በኩል አሾለከች። አንዱ ዙር ከሌላው ጎን ጥርስ በጥርስ ተኛ። አናጢው ከኋላዋ ቆሞ እስትንፋሱን ያዘ። እንዲህ ያለ ክብ ነገር ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም።

እሷ ቋጠሮውን ወደ ላይ ሳበችው። አልወጣም። ዞር አድርጋ ሳበችው። ወደ ታች ገፋችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

«እንዴት ነው የሚወጣው?»

«እንዴት ነው የሚወጣው ማለት?»

«ችካሎቹ ይነቀላሉ እንዴ?»

«አይነቀሉም!» አለ በኩራት። «በሬ ጠምደሽ ብትስቢያቸው አይነቀሉም።»

«ታዲያ ሆቴሉ መጋረጃውን ከነሳንቃው ሊሰቅል ነው?»

ሳቋ መጣ። አፏን በገመዱ ልትሸፍን ሞከረች፤ አልሆነላትም፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። አናጢው ጆሮው ጋለ።

«ሳቂ! ሳቂ እንጂ! ሰው እንዲጠብቅ ሲሠራም ይሳቅበታል፣ ሲላላም ይሳቅበታል። ለእኔ ብጤ ሁሉም ያው ነው።»

«ተው እንጂ አንተ ደግሞ፣ ባንተ አይደለም። ቋጠሮው ሲያልቅ እኮ ጣቴን አወጣለሁ፣ ባዶው ላይ ገመዱን አጠብቃለሁ። ችካሉም እንደ ጣቴ መውጣት አለበት። ላላ አድርገህ ሥራው።»

ላላ አድርገህ! ከሰው ሁሉ ለእሱ!

ውጭ አንድ መኪና ቆመና እንደገና ሄደ። መጋረጃው አልነበረም። መጋዙን አንሥቶ አራቱን ችካሎች ከሥራቸው ቆረጠ፤ ቋጠሮው ተፈናጥሮ ጭኗ ላይ ወደቀ። ሳንቃውን ገልብጦ እንደገና በሳ። ሌላ አራት ችካል አወጣ፤ አናት የላቸውም፣ ሙጫ የላቸውም። እንደዚያም ሆኖ እጁ እሺ አላለውም፤ ቀዳዳው ጠበበ። እሷ ችካሉን ልትነቅል ሞክራ ጥፍሯን ልትሰብር ነበር። ቀዳዳውን በሞረድ ሰፋ አደረገው፣ አሁንም ትንሽ፣ አሁንም ትንሽ፣ እያንዳንዷን ፍቅፋቂ ከሥጋው ላይ እንደሚያነሣ ሰው ፊቱን እያጨማደደ። በመጨረሻ ችካሎቹ ቆሙ፣ ሲነቀንቋቸውም ቃ ቃ አሉ። ድምፁ ቆዳውን አሳከከው።

ሳንቃው ሠራ። ሚስቱ አንዱን ጨርሳ ችካሎቹን አንድ በአንድ መዘዘች፣ ገመዱን ሳበች፣ ቋጠሮው እንደ ተጨበጠ እጅ ጠበቀ። ሁለተኛውም ያንኑ ሆነ። አናጢው ደስታው ምላሱን ፈታው። አሁንም እየተመላለሰ፣ ስለ አግዳሚው ወንበር ከሀ ጀምሮ አነሣው፤ ሙጫው እንዴት እርጥብ እንደነበረ፣ ማን መጀመሪያ እንደሳቀ፣ ማን ሳቁን በመሐረብ እንደሸፈነ። እሷ «እህ» ትላለች፣ «እሱስ ልክ ነህ» ትላለች፣ ትጠመጥማለች።

መጋረጃው ደረሰ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና መነጽሩን አወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ? ችካል ላይ? ማ ሠራው?»

«እሱ ነዋ» አለች ሚስቱ።

«አይ አማቼ! ይቺስ ደግ ናት።» ቋጠሮዎቹን ደረደራቸው፣ በጣቱ አንከባለላቸው። አናጢው ግድግዳውን ተደገፈ። የሰውዬው ጣት አንዱ ላይ ቆመ። «ይሄኛው ግን ጉንጩ አብጧል።»

እውነት ነው። ችካሎቹ ስፋቱን ያዙ እንጂ ዙሩን አይቆጥሩም፤ በአንዱ ጎን አንድ ዙር ተርፏል።

«ገመዱ ነው!» አለ አናጢው። «ገመዱ አንዳንድ ቦታ ላይ ይወፍራል ጋሼ፣ እርስዎ ያመጡት ገመድ...»

«ገመዱ አይደለም» አለች ሚስቱ።

ሁለቱም ዞሩ። እሷ ያበጠውን አንሥታ ይዛዋለች።

«ይሄን ሳስር በወሬህ ወፍራሙ ሰውዬ ሊወድቅ ሲል ደርሰህ ነበር» አለችው ባሏን። «ቁጥሩ ጠፋብኝ። የትላንቶቹም እንደዚሁ ናቸው። አንተ ስታወራ እኔ እቆጥራለሁ፤ እህ ስልህ ይጠፋብኛል። እህ ካላልኩህ ደግሞ ትቆጣለህ።»

መጋረጃው ሳቁን ዋጠ። «እንግዲህ እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። እኔ ጋ ጸጥታ አለ። ሳንቃውን ያዢና ነይ።»

አናጢው አፉን ከፈተ። የሚለው ሞልቷል፤ ስለ ሙጫው፣ ስለ እንግዳው፣ ሚስቱን በገመድ ጎትተው ሊወስዷት እንደሆነ። ሚስቱ ግን ዓይን ዓይኑን እያየችው ነው። አትለምነውም፣ አትቆጣውም። ምን እንደሚያደርግ ትጠብቃለች፣ በቃ። ጭኗ ላይ አዲስ ገመድ አለ፣ ጣቷ የመጀመሪያው ዙር ላይ ነው።

የመሣሪያ ሣጥኑን አነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ እሷ ወንድሟን፣ «ገመዱን እዚህ አውርድልኝ፣ ወንድም ጋሼ። ቀን ቀን እሱ ውጭ ይሠራል» ስትል ሰማ።

በረንዳው ላይ ሣጥኑን አስቀመጠ፣ አነሣ፣ አስቀመጠ። መጋረጃው የገመዱን ጥቅል አስገብቶ ሲወጣ አጠገቡ ቆም አለና ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ደህና ነው። ልል መሥራትም ለካ አንዳንዴ ይጠቅማል።»

መልሱ ወዲያው መጣለት፤ እንዲህ ያለ መልስ በዕድሜው መጥቶለት አያውቅም፣ ሙሉ፣ እንደ መርፌ የሚወጋ። መስኮቱ ግን ክፍት ነው። ከውስጥ ገመዱ ሽው ሽው ሲል ይሰማል። አናጢው ከንፈሩን ነከሰ። መጋረጃው መኪናው ውስጥ ገባ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ሄደ።

መልሱ ደረቱ ላይ እንደ ፍም ተቀመጠ። ሊቀመጥ ሞከረ፤ አልቻለም። መሰርሰሪያውን ይዞ በፍጥነት መንገዱን ተሻገረ። በያጁ ጎንበስ ብሎ ብረት ይቆርጣል፤ ማሽኑ ይጮሃል፣ ብልጭታው ይረጫል። አናጢው አጠገቡ ቆሞ ከአግዳሚው ወንበር ጀመረ፣ ሙጫውን አልዘለለም፣ ወፍራሙን ሰውዬ አልዘለለም፣ እጁን እያወናጨፈ ያቺን መልስ እስከ መጨረሻዋ ቃል ተናገራት።

በያጁ ማሽኑን አጠፋና መነጽሩን ቀና አደረገ።

«እህ? ምን አልከኝ?»

አናጢው ወደ ቤቱ መስኮት ዞር ብሎ አየ። ሚስቱ አንገቷን ደፍታ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች።

«ማሽንህን አብራው» አለ። «ገና አልጨረስኩም።»