አስከትቢያት

«ቃሉን እንዳለ ድገምልኝ» አለች የብርጓል እንደገና።

እንዳላማው የጠላውን ዋንጫ ከአፉ መለሰ። ባሏ አወቀ ካለበት የአርበኞች ጫካ መምጣቱ ነው፤ ገና ላቡ አልደረቀለትም።

«ደገምኩልሽ እኮ። ‹ፈንጣጣው እነሱ ዘንድ ደርሷል ሲሉ ሰማሁ፤ የብርጓልን፣ ልጄን አስከትቢያት በላት› አለኝ። በቃ።»

«በምን? በማን?»

«እኔ ምን ላድርግ! ይህን ሲለኝ ተኩስ ተከፈተ። እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ ሮጥን።»

የአሁኑ ፈንጣጣ ወደ ይጁቤ አገር የገባው ጣሊያን በገባ በዓመቱ ነበር፤ ሁለቱም አልወጣ ብለዋል። መጀመሪያ ሰዉ ገበያ ቀረ፣ መንገዱን በእሾህ አጠረ፣ ምሕላ ያዘ። ሰው መቼም ሁሉን ይለምዳል፤ ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ እሾሁ ማገዶ ሆነ፣ ምሕላውም ቀረ። አሁን ከአጥሩ ማዶ የአይናዲስ ልጅ ፊቷን ሽፍ ብሎባት ተኝታለች። እስከ ሰሞኑ ድረስ ከየብርጓል ልጅ ከወለላ ጋር አንድ መደብ ላይ ስትጫወት ነበር።

የአወቀ አባት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ለመልእክቱ ፍቺ መስጠት አልቸገራቸውም። «ከተበ ማለት ጻፈ ነው። ክታብ ጻፉላት ማለቱ ነዋ! አባቱ እያለሁ ሌላ ማን ሊጽፍላት ኖሯል?» አሉና ብራናቸውን ማለስለስ ጀመሩ። «ደግሞ ምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? የተጻፈበት ይሄዳል፣ ያልተጻፈበት ይቀራል።»

«ልጄንስ የማውቀው እኔ ነኝ» አሉ እማወራቸው ታየች ከጓዳ። «እሱንም በልጅነቱ ያስከተብኩት እኔው ነኝ። ከታመመ ልጅ መግል ተወስዶ፣ ክንድ በጣ ተደርጎ ይቀባል። ጥቂት ታተኩስና ትነሣለች። የአይናዲስ ልጅ እዚሁ አለችልን።»

«ካልተነሣችስ፣ እሜቴ?»

ታየች ጓዳ ውስጥ ዕቃ ማነካካት ያዙ። ከአወቀ በላይ የነበረው ልጃቸው በዚያው ብጣት ሰበብ መሞቱን አገር ያውቃል።

የብርጓል ወደ እንዳላማው ዞረች። «ዛሬ ይጁቤ ገበያ የጣሊያን ሐኪም ይከትባል ይላሉ። እሱን ቢሆንስ ያለኝ?»

«አወቀ? ጣሊያን ልጄን በመርፌ ይውጋልኝ ይላል? የዚያ መርፌ ጠባሳ ያለበት ክንድ እኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? ‹ገብቷል› ነው የሚባል፤ ለጣሊያን አድሯል።»

«እንግዲያስ እሱን አይደለም ትላለህ?»

«ኧረ እኔ እንጃ!» እንዳላማው ራሱን አከከ። «የአለቃችን ሚስት ልጆቿን ደብረ ማርቆስ ወስዳ አስወጋች ሲሉም ሰምቻለሁ።»

የብርጓል ተናደደች። የተናደደችው በእንዳላማው አይደለም፤ በባሏ ነው። በሬ ለምና የምታሳርስ እሷ፣ ዘር የምትበደር እሷ፣ ሽማግሌዎቹን የምትጦር እሷ! እሱ ስንት ነገር የሚሸከም አንድ ቃል ወርውሮ ተኩሱ ውስጥ ገባ። ግን ደግሞ ናፈቃት። እዚህ ቢሆን ኖሮ አብረው ይሳሳቱ ነበር።

ወለላን ከደጅ ጠራቻት። መሪጌታ ክታቡን አንገቷ ላይ ሲያስሩላት ቆማ አየች። ከዚያ አንዲት ዶሮ ታቅፋ ወለላን በእጇ ያዘችና «ገበያ ደርሼ ልምጣ» አለች።

ታየች ነገሩ ገብቷቸዋል። ነጠላቸውን አውልቀው ሰጧት። «ስትመለሺ ክንዷን ሸፍኚው» አሉ፣ ባላቸው እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ይጁቤ ዋርካው ሥር ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። አንዷ መርፌው ያመክናል ትላለች። ሌላዋ ያለ እሱ መንደሯ ባዶ ይቀር እንደነበር ትምላለች። የምትምለዋ ራሷ ፊቷ በፈንጣጣ ተበሳስቷል። የብርጓል ሁለቱንም አመነቻቸው፤ ሁለት ጊዜ ከሰልፉ ወጥታ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። ዶሮዋ ክንዷ ላይ ትንፈራገጣለች።

ተራዋ ሲደርስ ከሐኪሙ ጎን የተቀመጠው አስተርጓሚ ቀና ሳይል ብዕሩን ነከረ።

«ስም?»

የብርጓል ደነገጠች። መሪጌታ ለካ እውነታቸውን ኖሯል፤ መክተብ መጻፍም ነው። በጣሊያን መዝገብ መጻፍ ይሆናል ብሎ ግን ከቤቱ ሰው ማንም አላሰበም።

«ወለላ አወቀ!» አለች ልጅቷ። ስሟን ከነአባቷ መጥራት ትወዳለች። አባቷ ለንግድ ሩቅ አገር ሄዷል ተብላ ነው ያደገች።

«አወቀ የት ነው ያለው?»

አሁን አስተርጓሚው ቀና አለ። ከበስተኋላው ጠመንጃ የያዘ ባንዳ ቆሟል። ቅድም በዚሁ ጥያቄ ላይ የተንተባተበችውን ሴት ለብቻዋ ወደ ዋርካው ጀርባ ወስዷት፣ እስካሁን አልተመለሰችም።

«ሞቷል» አለች የብርጓል።

«በምን?»

«በዚሁ በፈንጣጣው።»

በሕይወት ባለ ባሏ ላይ ስታሟርት ምላሷ አለመያዙ ራሷን ገረማት። አስተርጓሚው ግን አልጻፈም፤ ልጅቷን ያያል። ወለላ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ አንጋጣለች።

«እማ፣ አባባ ሞተ?»

የብርጓል ጎንበስ ብላ በጆሮዋ እውነቱን ልትነግራት ፈለገች። ሰውየው ብዕሩን እንደያዘ ነው። ባንዳውም እያየ ነው።

«አዎ፣ ልጄ» አለቻት።

ወለላ ጮኸች። የብርጓል ዶሮዋን ለቀቀቻትና የልጇን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ፣ ክንዷን አጥብቃ ይዛ ለሐኪሙ አቀረበችለት።