ወደ ላይ የተቆረጠው ከፋይ

ልብስ ሰፊዋ የቀሚሱን የፊት ግራና ቀኝ በስፒል ገጥማ የሱቁን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት አለበሰችና ለማየት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ከዚያ ክው ብላ ቀረች።

ግራው የበሰለ ወይን መስሏል። ቀኙ ጠቁሯል። ከአንድ የከፋይ ጨርቅ፣ በአንድ መቀስ፣ በአንድ ጠዋት የወጡ ሁለት ቁራጮች እንደ ተጣሉ ጎረቤታሞች አጥር ለይተው ቆመዋል።

“መብራቱ ይሆናል” አለች ለራሷ። መስኮቱን ከፈተች፤ ባሰበት። አሻንጉሊቱን ወደ በሩ አዞረችው፤ ጥቁረቱም አብሮ ዞረ።

ጥግ ላይ ተቀምጠው የሸሚዝ ቁልፍ የሚተክሉት አባቷ መርፌያቸውን አቆሙ። ዓይናቸው ከደከመ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን የሚሰፉት በጣታቸው ነው። ጆሯቸው ግን የልጅ ጆሮ ነው።

“ምን ሆንሽ? ትንፋሽሽ ተለወጠ” አሉ።

“አባባ፣ እስቲ ና ይህን ዳስስልኝ።”

ሽማግሌው የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው መጡ። መዳፋቸውን በግራው ላይ ከላይ ወደ ታች አንሸራተቱ፤ ጨርቁ ለሰለሰ። በቀኙ ላይም እንዲሁ አደረጉ፤ እጃቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

“ይሄኛው ይቆጣል” አሉ። “ከፋይ እንደ ድመት ነው ብዬሽ አልነበር? ወደ ጭራው ስታሻሺው ይተኛል፣ ወደ ራሱ ስታሻሺው ጠጉሩን ያቆማል። አንዱን ወደ ታች፣ አንዱን ወደ ላይ ነው የቆረጥሽው። በአሥራ ሁለት ዓመትሽ ያስተማርኩሽን!”

“አስተምረኸኛል።”

“ታዲያ እጅሽ የት ሄዶ ነበር?”

እጇ የት ሄዶ እንደነበር በደንብ ታውቃለች። ጠዋት፣ እንደ ወትሮው፣ ከጠረጴዛው በላይ በተሰቀለው ስልክ በቀጥታ ስርጭት ለሰው እየታየች ነበር የምትቆርጠው። ግራውን ከቆረጠች በኋላ ተመልካቾች “ያንጸባርቃል፣ አይታየንም” ብለው መጻፍ ጀመሩ። ታናሽ እህቷ ከስልኩ ጀርባ ሆና “እታለም፣ አዙሪው፣ አዙሪው” አለቻት። አዞረችው። ጨርቁ በስልኩ መስታወት ላይ አምሮ ታየ። ከመቁረጧ በፊት ሁልጊዜ ጨርቁን በመዳፏ ታሻሸው ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ግን አንዱ “እጅሽ ይባረክ” ብሎ የጻፈላትን እያነበበች ፈገግ ብላ ነበር። በፈገግታዋ መሀል ቆረጠችው።

ጨርቁ ደግሞ ከገበያ ሮጠው የሚተኩት አይደለም። የአንዲት ነርስ እናት ለዓመታት ያቆዩት ረጅም ካባ ነው። እናትየው ባለፈው ዓመት አረፉ። ነርሷ ካባውን ለልጇ የምረቃ ቀሚስ አድርጊልኝ ብላ በሁለት እጇ አምጥታ ሰጠቻት። ምረቃው ነገ ጠዋት ነው። ነርሷ ልኩን ለማየት በዘጠኝ ሰዓት ትመጣለች። ስምንት ተኩል ሆኗል።

በሩ ተከፈተና ታናሽ እህቷ እየዘለለች ገባች።

“እታለም! አርባ አንድ ሺህ ሞላን! ‘ወርቅ እጅ’ የሚለውን ገጻችንን አርባ አንድ ሺህ ሰው ይከተላል! በአሥር ሰዓት ቀሚሱን እናሳያችኋለን ብዬ ለጥፌያለሁ፣ ሰው እንዴት እየጠበቀ እንደሆነ...” አሻንጉሊቱን አየች። “ምንድን ነው እሱ? ጥላ ነው?”

“ጥላ አይደለም። ገልብጬ ቆርጬዋለሁ።”

እህቷ ቀሚሱን አየች፣ አባቷን አየች፣ ከዚያ ልማድ ነውና ስልኳን አነሳችና ፎቶ አነሳች። ፊቷ ፈካ።

“ተመልከቺ! በፎቶ እኮ አይለይም። ትንሽ ብርሃን ልጨምርበት... ይኸው! አንድ ዓይነት ሆነ!”

“ልጅቷ ፎቶ ናት እንዴ?” አለች ሰፊዋ። “ትራመዳለች። ትዞራለች። ደረጃ ትወጣለች። በየእርምጃዋ ብርሃን ልትጨምሪላት ነው?”

“እሺ፣ ያረጀ ጨርቅ ስለሆነ ነው እንበላቸው። ድሮም ደብዝዞ ነበር እንበል።”

አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “አፍ አውጥታ ‘አይደለም’ በማትል በሞተች ሴት ላይ ነው የምታላክኪው?”

ታናሿ አፈረች። ስታፍር ደግሞ ትቆጣለች።

“እና ምን ይሁን? ይህ ሱቅ እኮ የዝንብ መዋያ ነበር! አንቺ እዚህ አቀርቅረሽ ስትሰፊ ማን ያውቅሽ ነበር? ሰዉን ማን አመጣው? ይህች ስልክ! እኔም ከሥራ ተቀንሼ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ስገላበጥ ማን አስነሳኝ? ይህች ስልክ!”

ውሸት አልነበረም። ሰፊዋ ሁለቱን ዓመታት ታስታውሳቸዋለች፤ ቀኑን ሙሉ የማይከፈተውን መጋረጃ፣ ሳይነካ የሚመለሰውን ምሳ። እህቷ ቪዲዮ መቅረጽ የጀመረች ዕለት ነው ፀጉሯን ያበጠረችው። ስለዚህ አልጮኸችባትም። ስልኩንም ነጥቃ አልወረወረችውም፤ እጇን ቢበላትም።

“እውነትሽን ነው” አለች ቀስ ብላ። “ስልኩ ደንበኛ ያምጣ። ጨርቅ ግን አይቁረጥ።”

የተረፈውን ከፋይ ዘረጋች። ለእጅጌ ያቆየችው ነው። ሜትሩን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ጣለችበት። አንድ የፊት ቁራጭ ይወጣዋል፤ ያኔ ግን እጅጌ የሚባል ነገር አይኖርም።

“ለነርሷ ደውዪና ነገ ማለዳ ይውሰዱ በያት” አለች ታናሿ። “ፊት ለፊት ከምትዋረጂ።”

“ፊቴ ለምን ተፈጠረና? አርባ አንድ ሺህ ሰው ሲያወድሰኝ ፊቴን ሰጥቻለሁ። አንዲት ሴት ስትሰድበኝም እሰጣለሁ።”

ነርሷ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ገባች። ጎልማሳ ናት፤ ነጭ ጋዋኗን አጣጥፋ በብብቷ ይዛለች፤ እግሯ ቆሞ የዋለ ሰው እግር ነው።

“ጠዋት አየሁሽ እኮ!” አለች ገና ከበሩ። “በእረፍቴ፣ ከታማሚዎቼ ጋር! አንዲት አሮጊት ‘መቀስ አያያዟን እዩልኝ’ ብላ ሥራ አስፈታችን። የታለ?”

ሰፊዋ ከአሻንጉሊቱ ፊት ዞር አለችላት።

“እትዬ፣ አበላሽቼዋለሁ” አለች። “ቀኙ ተገልብጦ ነው የተቆረጠው። ጨርቁ ምንም አልሆነም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለካሜራው እንዲያምር ብዬ አዞርኩት፣ ስልኩን እያየሁ ቆረጥኩት።”

ነርሷ ተጠግታ ጥቁሩን ቁራጭ በሁለት ጣቶቿ ያዘችው።

“እናቴ ይህን የለበሰችው ለትልቅ ቀን ብቻ ነበር” አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተነሳ። “አንቺ! እኔ የሰው ደም ሥር እየፈለግኩ ስልክ ባይ ምን ትዪኛለሽ?”

“እብድ ነሽ እላለሁ።”

“እንግዲያው ራስሽን በዪው!”

“እብድ ነበርኩ፣ እትዬ።”

ታናሿ ከበሩ ተለጥፋ መሬት መሬት ታያለች። አባትየው ወንበር ጎትተው ከነርሷ ኋላ አስቀመጡ። እሷም ያለ ፈቃዷ ተቀመጠች።

ሰፊዋ ተንበርክካ የተረፈውን ከፋይ በጉልበቷ ላይ አሳየቻት። “ከዚህ ላይ አዲስ ቀኝ ይወጣል። ግን እጅጌው ይቀራል። ወይም ከሌላ ጨርቅ፣ ከስስ ጥቁር፣ እኔ ገዝቼ እተክልለታለሁ። የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። አልፈልግም ካሉም ሁሉንም አጣጥፌ እሰጥዎታለሁ።”

ነርሷ የተረፈውን ከፋይ በመዳፏ ዳሰሰች።

“እናቴ ብትኖር እጅጌ የሌለው ቀሚስ ብላ ሰፈሩን ትሰበስብ ነበር” አለች በመጨረሻ። “ያቺ ልጄ ደግሞ እጅጌ አልፈልግም ብላ ወሩን ሙሉ ስትነዘንዘኝ ነው የከረመችው። ይኸው ተሳካላት።” ፈገግታ የሚመስል ነገር በከንፈሯ ጥግ ብቅ ብሎ ጠፋ። “ይቅር ብዬሻለሁ አላልኩም። ነገ ለብሳው ሳያት እነግርሻለሁ። እስክትጨርሺ ግን ከዚህ ወንበር አልነሳም።”

“ይቀመጡ” አለች ሰፊዋ። “እንዲያውም ደስ ይለኛል።”

ሰፊዋ የወረቀቱን ልክ እንደገና ስትለካና ስታርም ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆነ፤ ታናሿም አጠገቧ መጥታ አንሾካሾከች። “ሰዎቹስ? ምን ልበላቸው?”

“እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ። ‘ዛሬ የሚታይ ቀሚስ የለም። ስልክ እያየሁ ቆርጬ የሰው ጨርቅ አበላሽቻለሁ፣ እያስተካከልኩ ነው። ከእንግዲህ ስቆርጥና ስሰፋ አልታይም። ያለቀ ልብስ ለማየትና ለማዘዝ ግን በየቀኑ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እንገናኛለን።’”

“‘አበላሽቻለሁ’ የሚለውን ላውጣው?”

“እሱን ካወጣሽ ሌላውንም አትለጥፊው።”

ታናሿ ጣቷን በአየር ላይ ይዛ ቆየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ተጫነችው።

ወዲያው ተከታዮቹ መሄድ ጀመሩ። “ሰማንያ ሰው ሄደ” አለች ከትንሽ ቆይታ በኋላ። “መቶ ሃያ። እታለም፣ መቶ ስልሳ!”

“በሩን ክፈቺላቸው፣ እንዳይጋፉ።”

አባትየው ሳቁ። ነርሷም በአፍንጫዋ ሳቀች።

“አንዱ ‘ወርቅ እጅ ሳይሆን ቆርቆሮ እጅ’ ብሏል።”

“ቆርቆሮም ቤት ይከድናል በይው። ወይም ተዪው፣ አትበይው። እኔ ሰምቼዋለሁ፣ ይበቃል።”

“ሌላዋ ደግሞ... ‘የሚሰፋ ልብስ ላምጣ ወይ’ ትላለች። የእውነቷን ይመስለኛል። ከአሥራ አንድ በኋላ ልበላት?”

“ከአሥራ አንድ በኋላ በያት።”

ሰፊዋ ጠረጴዛውን ጠረገች፤ ከፋዩን ዘረጋች፤ የወረቀቱን ልክ አስተኛችበት። ጨርቁ ጠባብ ነው፤ ከጠርዙ የሚተርፈው አንድ ጣት ብቻ ነው። ትንሽ ከሸሸ አለቀ፤ ሦስተኛ ዕድል የለም።

“ነይ፣ ወዲያኛውን ጫፍ ያዢልኝ” አለቻት እህቷን።

ታናሿ ስልኩን በቀኝ እጇ እንደያዘች በግራዋ ጨርቁን ያዘች።

“በሁለቱም።”

“ይዤዋለሁ እኮ።”

“በሁለቱም እጅሽ ነው ያልኩሽ። ካልፈለግሽ ሂጂ፣ አልቀየምሽም። አባባ ይይዝልኛል።”

ስልኩ በታናሿ እጅ ውስጥ ነዘረ። የሚሄዱት ይሁኑ የሚመጡት ማንም አያውቅም። አንድ ጊዜ ወደ መስታወቱ አየች፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አቀርቅራ ወደ ቆመችው እህቷ አየች። ከዚያ ስልኩን የመስኮቱ ደፍ ላይ በሆዱ አስተኛችውና ተመልሳ የጨርቁን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘች።

ስልኩ ደፉ ላይ እየነዘረ ጥቂት ተንፏቀቀ። ማንም ዞር አላለም።

“ሳብ አድርጊው” አለች ሰፊዋ። “ትንሽ። እንዲያ። አሁን እንዳትለቂው።”

“አልለቅም” አለች ታናሿ፤ መቀሱም ተከፈተ።