ከሳጥኑ ሥር ያለችው ከተማ

አገራችን ትልቅ ናት፤ ከዳር እስከ ዳር በአውቶቡስ አምስት ቀን ትፈጃለች። በሰሜን ባሕር፣ በቀሩት ማዕዘኖች ደግሞ አምስት አገሮች ያዋስኗታል። ይህን የምነግራችሁ ልኩራራ ብዬ ሳይሆን ሥራዬ ስለሆነ ነው፤ ካርታ ነዳፊ ነኝ። የተወለድኩባት ከተማ ግን በየትኛውም የትምህርት ቤት ካርታ ላይ የለችም። በደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ ድንበሩ አፍ ላይ ናት፤ እዚያ ጥግ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የምልክቶች መግለጫ ሳጥን ይጫንባታል።

አባቴ እዚያው የጂኦግራፊ መምህር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳጥኑን በመጠቆሚያ ዱላው መታ መታ እያደረገ፣ «እኛ እዚህ ሥር ነን፤ ከባቡር ሐዲዱ ምልክት በታች» ሲል ኖሯል። በዚህ የተነሳ የከተማው ልጅ ግማሹ ባቡር ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ አደገ። እኔም ጠብቄያለሁ።

ዘንድሮ ጡረታ ሊወጣ ነው። «አንድ ቀን እንኳ ከተማችንን በዱላዬ ነክቻት ብወጣ ምን ነበረበት» አለኝ በስልክ፣ እየሳቀ። ሳቁ አንጀቴን በላው። አዲሱ የግድግዳ ካርታ ደግሞ እኔው እጅ ላይ ነበር።

አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ከጀርባቸው «ሚሊሜትር» ነው የምንላቸው።

«ጋሼ፣ ሳጥኑ ከዚያ ጥግ ይነሳ።»

«የት ይሂድ? አገሪቱ ወረቀቱን ሞልታዋለች። ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል ንቅንቅ አይልም። ደግሞስ እዚያ ምን አለ?»

«አባቴ አለ» ልላቸው ነበር፤ ዋጥኩት።

እየተበሳጨሁ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀመጥኩና፣ በእልህ ሳጥኑን አነሳሁት። ከሥሩ ምንም የለም። ድንበሩ እስከ ሳጥኑ ጠርዝ ይመጣና ይቆማል፤ ከማዶ እንደገና ይጀምራል። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ «ለሚሸፈን ነገር ማን ይደክማል» ብለው ትተውታል፤ አንዱ ከአንዱ እየገለበጠ ሠላሳ ዓመት አለፈ።

ሚሊሜትርን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ለግማሽ ሚሊሜትር ስህተት ሰው የሚያስለቅሱ ሰው፣ አገራቸውን በሯ ሳይዘጋ እንዳደረ ቤት አገኟት።

«ክፍተቱ ስንት ነው?»

«ዘጠና ኪሎ ሜትር።»

ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። «ጉድ ፈላ!» አሉ ቀስ ብለው። «የቅየሳ መዝገቡን አስወጪና ድንበሩን ከዚያ ላይ ሳዪው። ሳጥኑን… እሺ፣ ከታች ጠርዙ ላይ በቀጭኑ ዘርጊው።»

ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። መጀመሪያ ወንዙን ሳልኩ፣ ቀጥሎ ከወንዙ ወዲህ ያሉትን የድንበር ድንጋዮች፣ በመጨረሻ ከተማችንን። ነጥቧ ከሰናፍጭ ፍሬ አትበልጥም። ካርታው እንደታተመ አንዱን ጠቅልዬ ለአባቴ በአውቶቡስ ላክሁለት።

ትምህርት በሚዘጋበት ቀን ደወለ።

«ሰቀልኩት» አለኝ።

«ነካሃት?»

«ዱላዬ ወፍራም ሆኖባት ስነካት ተሸፈነች። ስለዚህ ዱላውን ጥዬ ተማሪዎቹን አሰለፍኳቸው። አንድ በአንድ በጥፍራቸው ጫፍ ነኳት። አንዷ ብቻ ‹ባቡሩስ የት ሄደ?› ብላ አለቀሰችብኝ።»

እኔም እንባዬ መጣ። «ምን አልካት?»

«‹ሳጥኑን ልጄ አንስታዋለች፤ ሐዲዱን መዘርጋት ላንቺ ተረፈ› አልኳት።»