ከባዶ ቤት የሚወጣ ጭስ

እኔ ሰው አላምንም። ባለቤቴ ኢኖስ «አንቺ እኮ ዶሮዋ እንቁላል ብትጥል ከየት አመጣሽው ትያታለሽ» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ያን ክረምት የሆነው ግን አያስቅም።

ነብራስካ ውስጥ፣ ከሊንደን ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ መንግሥት የሰጠን መሬት ነበረን። አምስት ዓመት ከኖርክበት የራስህ ነው፤ ከስድስት ወር በላይ ትተኸው ከጠፋህ ግን ማንም ተነስቶ «ይኸ መሬት ባለቤት የለውም» ብሎ ያመለክትበታል። እኛ አራት ዓመት ከአራት ወር ኖረንበታል። ቤቱን ከአፈር ጓል የሠራነው ሁለታችን ነን። ኢኖስ ውሃ ፍለጋ ስድሳ ክንድ ቆፍሯል። የቀረን ስምንት ወር ብቻ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ፣ እህላችንን ከከተትን በኋላ፣ ክረምቱን ሠርተን ለማሳለፍ ሊንደን ወረድን። ኢኖስ አንጥረኛ ቤት ገባ፣ እኔ ሆቴሉ ውስጥ ልብስ አጥብ ጀመር። ታኅሣሥ ላይ በረዶው ጋብ ሲል ቤታችንን ልናይ ሄድን፤ በሩ ላይ የሰው ኮቴ አየሁ። መጥቶ፣ ገብቶ፣ ወጥቶ ሄዷል። በዓይኔ ስከተለው ቀጥ ብሎ ጎረቤታችን ጆታም ክሬል ቤት ገባ። ጆታም ሽማግሌ ወንደላጤ ነው፤ በወር ሦስት ቃል ከተናገረ ብዙ ነው። ምድጃዬን ከፍቼ አመዱን ነካሁት። ሞቅ ይላል!

«ኢኖስ! ይኸ ሰውዬ ቤታችን ውስጥ እየኖረ ነው!»

«ብርድ ይዞት ይሆናላ።»

«የራሱ ምድጃ የለውም እንዴ? መሬቱን ሊወስድ ነው እንጂ! ዛሬ ምድጃ፣ ነገ አልጋ፣ ከነገ ወዲያ ‹የምኖርበት እኔ ነኝ› ሊል ነው!»

«ጆታም? ጉድጓዱን ስቆፍር አፈሩን በገመድ ሲጎትትልኝ የከረመው ጆታም?»

«እሱማ ጉድጓዱ የት እንዳለ አሳምሮ ያውቃል ማለት ነዋ!» አልኩት።

ዕቃዬን አንድ በአንድ አየሁ። ምንም አልጎደለም። ኩበቱ እንኳ ግድግዳው ሥር እኔ እንደከመርኩት ነበር። ይኸው ራሱ አናደደኝ። ምንም የማይሰርቅ ሰው ምን ፈልጎ ነው ሰው ቤት የሚገባው?

የካቲት ላይ ምርጫው መጣ። የአውራጃችን ዋና ከተማ ዌይላንድ ነበረች፤ ፍርድ ቤቱም የመሬት መዝገቡም እዚያ ነው። ሊንደኖች ደግሞ ወደ እኛ ይምጣ ብለው ተነሱ፤ የሚመረጠው ይኸው ነበር። ጠበቃቸው ፕሬንቲስ ጌል የሚባል ፂሙን በቅባት የሚያሾል ሰው ነበር፤ ክረምቱን ከተማ ላሳለፈው ገበሬ ሁሉ «አሥር ቀን እዚህ ካደራችሁ እዚሁ ምረጡ» ይል ነበር። ኢኖስም በገዛ ቀበሌው መምረጥ ሲገባው እዚያው ከተማ ውስጥ ለሊንደን ድምፁን ሰጠ። ሊንደን በአንድ ድምፅ አሸነፈች። አንድ! ዌይላንዶች ወዲያው ከሰሱ፤ «ኢኖስ ሃክሌይ የሚኖረው መሬቱ ላይ ነው፣ ሊንደን መምረጥ አይችልም» አሉ። የእሱ ድምፅ ከወደቀ እኩል ለእኩል ይሆኑና ዋና ከተማው ባለበት ይቀራል።

ጌል እየሮጠ መጣ። «ምንም አይደል፣ ‹ቤቴ ሊንደን ነው› ብለህ ትምላለህ፣ አለቀ።»

«መሬቴስ?» አለ ኢኖስ።

«ኧረ ማን ያየዋል!»

«እኔ አየዋለሁ። ቤቴ መሬቴ ላይ ነው፤ ያለ ቦታዬ መረጥኩ፤ ዳኛው ፊት እንዲሁ እላለሁ። ድምፁን ውሰዱት።»

ጌል ሳቀና ባርኔጣውን አነሳ። ያን ሳቅ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ፣ ዶሮ የምጠረጥር ሴትዮ!

በሦስተኛው ቀን ሆቴሉ ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ መጣ። «ወይዘሮ ሃክሌይ፣ ቤትዎ ደህና ነው?» አለኝ። በቃ፣ ሁለት ወር ያፈንኩት ሁሉ ወጣ፤ ኮቴው፣ አመዱ፣ ጆታም። ኢኖስ አንድም ቀን እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ አያውቅም፤ ጌል ግን ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። «ይኸማ ወንጀል ነው፤ አቤቱታ በነፃ እጽፍልዎታለሁ» አለ። ቢሮው ወሰደኝ።

«ቤቱ ባዶ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ጥቂት ሳምንት ከሆነ ዳኛው ይስቃል።»

ጥቅምት መጨረሻ ልል ነበር። ጆታም ግን በዓይኔ መጣብኝ፣ ምድጃዬ ላይ እግሩን ዘርግቶ። «ከነሐሴ ጀምሮ!» አልኩ። «ከነሐሴ እስከ ዛሬ ሰው አልኖረበትም፤ እሱ ነው የሚገባ የሚወጣበት!»

ጻፈ። ማልኩ። ፈረምኩ። ለኢኖስ አልነገርኩትም፤ ስለ ጆታም ክፉ መስማት አይወድም። ጆታምም አልተጠራም። ጌልን ስጠይቀው «ፖሊሶቹ በምርጫው ጉዳይ ተወጥረዋል» አለኝ።

መጋቢት ላይ ጉዳዩ ዌይላንድ ፍርድ ቤት ተሰማ። አዳራሹ በሁለቱም ከተማ ሰው ጢም ብሎ ነበር። ኢኖስ ቆሞ እንዳለው አለ፦ «ቤቴ መሬቴ ላይ ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ ወዲህ ለሥራ ነው ከተማ የገባሁት።» ሊንደኖች ጮኹበት። ቀጥሎ የዌይላንድ ጠበቃ ጆታምን ጠራ። ይኼኔ ነው የሚያጠፋን አልኩ።

«የሃክሌይ ቤት ሰው ይኖርበታል?» አለው ጠበቃው።

«ጭስ አይበታለሁ።»

«መቼ መቼ?»

«በየቀኑ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሰውዬው እየረዳን ነው!

ጌል ተነሳ። «አቶ ክሬል፣ እሳቱን የሚያነደው ማን ነው?»

ዳኛው «ይመልሱ» አለው።

«የጠየቃችሁኝ ጭሱን ነው» አለ ጆታም። ሰው ሳቀ።

ጌል አልሳቀም። ከኪሱ ወረቀት አወጣ። የእኔን ወረቀት! «የምስክሩ ጎረቤት፣ የኢኖስ ሃክሌይ ሚስት፣ ምላ የሰጠችው ቃል ነው» አለና አነበበው፤ ቤቱ ከነሐሴ ጀምሮ ሰው እንዳልኖረበት፣ ጆታም ክሬል የሚባል ሌባ እየገባ እሳት እንደሚያነድ። ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ። ጆታም እዚያው መቆሚያው ላይ ሆኖ አዳመጠው። ፊቱን እንኳ ወደ እኔ አላዞረም።

«ነሐሴ?» ኢኖስ ብድግ አለ። «ነሐሴማ ስንዴ ስንወቃ ነበር! ኦርፋ፣ ነሐሴ አልሽ?»

ዳኛው ፊርማዬን አሳየኝ። «የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው። ነሐሴ ግን ውሸት ነው፣ ጌታዬ! ተናድጄ ነው!»

«ምለው ዋሹ እያሉኝ ነው?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዳኛው «ሰውየው መሬቱን ትቶ ሊንደን ይኖር ነበር፤ ድምፁ ይጸናል» ብሎ ፈረደ። ሊንደኖች ኢኖስን በትከሻቸው ሊሸከሙት መጡ። ገፍቷቸው ወጣ።

በሳምንቱ አንድ የማላውቀው ሰው መሬታችን እንደተተወ አመለከተ፤ የወረቀቴን ግልባጭ አያይዞ። የጌል ሚስት ወንድም ነው ይላሉ። ነው አልልም፤ ከእንግዲህ ያላየሁትን ላልናገር ለራሴ ምያለሁ።

ጆታም ቤት ሄድኩ። በሩን ከፈተ፤ ግቢም ሂጂም አላለኝ።

«ምን ፈልገው ነው ቤቴ ይገቡ የነበረው?» አልኩት።

«ጭስ በሌለው ቤት ላይ ሰው ዓይኑን ይጥላል። ኅዳር ላይ ሁለት ፈረሰኞች ከሊንደን መጥተው ዞረውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አነደድኩበት።»

«በምን ኩበት?»

«በራሴ።»

እንደከመርኩት የቀረው ኩበቴ ትዝ አለኝና አለቀስኩ። «ለምን አልነገሩንም?»

«አልጠየቃችሁኝም።»

«መሬት ቢሮ ይመሰክሩልናል? ነሐሴ ውሸት መሆኑን ምዬ እናገራለሁ።»

«እመሰክራለሁ» አለ። ከዚያ፣ ያለ ቁጣ፣ «የመጀመሪያውንም ግን ምለሽ ነበር» አለኝ።

መሰከረ። የመሬት ቢሮው ሹምም ልክ እንደ ጆታም «የመጀመሪያውንም ምለው ነበር» ብሎ ፈረደብን።

ዌይላንዶች የፍርድ ቤቱ ሕንፃ በበሬ ተጎትቶ ወደ ሊንደን በተወሰደባቸው ሳምንት እኛ ዕቃችንን ጋሪ ላይ ጫንን። ጆታም ሊሰናበተን መጣ። «ኩበቱን ይውሰዱት፣ የእርስዎ ነው» አልኩት።

«ተይው» አለ። «የሚመጣውንም ሰው ይበርደዋል።»

እኔ ግን አልተውኩትም። በቅርጫት እየተሸከምኩ፣ በዚያ ኮቴውን ባየሁበት መንገድ ጭቃውን እየረገጥኩ፣ አንድ ሳይቀር ወስጄ እሱ ቤት ግድግዳ ሥር ከመርኩት። ኢኖስ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። አልረዳኝም፣ ፍጠኚም አላለኝም።